ጥፍሬን ያየ ሁሉ ሐኪም

የወሎ ሴት ቆንጆ ናት ብሎ ያስወራው ሰው እጃችንን ሳያይ ነው የሄደው። ዓይን ተዘፍኖለታል። ጥርስም ተዘፍኖለታል። አንገትማ ሲዘፈንለት ነው የኖረው። ለጥፍር ግን አንዲት ስንኝ የቋጠረ አዝማሪ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። አልፈርድበትም። ምን ብሎ ይግጠም? «ጥፍርሽ ነጠላ ይመዛል» ይበል?

ይመዛል እኮ! ነጠላዬን ላጣፋ ስል የሌባ ጣቴ ጥፍር ክሩን ይዞ ይቀራል። ጫፉ በንብርብር ተላጧል፤ ላዩ ወደ አንድ፣ ታቹ ወደ ሌላ። የአውራ ጣቴ ደግሞ ከስሩ እስከ ጫፉ ተተልሟል፤ ጤፍ ቢዘሩበት የሚበቅል ይመስላል። ጥፍሬን ዙሪያውን የከበበው ቆዳ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ያ ቆዳ መኖሩ ትዝ የሚለኝ ለበዓል ዶሮ ሳጥብ ነው። መቼም ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ወጥቶ፣ በሎሚና በጨው ታሽቶ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ነው የሚታጠበው። ሎሚው ስንጥቁን ሲያገኘው ከታረደችው ዶሮ በላይ የምጮኸው እኔ ነኝ።

ደሴ ላይ ሌላውን ገመና መሸፈን ይቻላል። ከተማችን ጦሳ ተራራ ስር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ለብርዱ ምስጋና ይግባውና ሹራብና ጋቢ የማይሸፍኑት ነገር የለም። እጅ ግን ቡና ላይ ይጋለጣል። ሲኒ ስታቀብዪ ጣትሽ ከሲኒው ቀድሞ ይታያል። ያኔ የአቦሉ ጨዋታ ይቆምና ምርመራ ይጀመራል።

«ካልሲየም አንሶሽ ነው!» ትላለች ጎረቤቴ። እሷ ጉልበት ሲቆረጥም ካልሲየም፣ ሕፃን ሲያለቅስ ካልሲየም፣ እንቅልፍ ሲጠፋ ካልሲየም ናት። ማስረጃዋ ጥፍሬ ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ ናት። ነጥቧ ግን ከካልሲየም ጋር ዝምድና የላትም። ከሳምንታት በፊት ጥፍሬን በር ወይም የድስት ክዳን መትቶታል፤ ምልክቱ አሁን እያደገ ወጣ፣ በቃ። ጥፍር የተሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ፀጉርም፣ የበሬ ቀንድ ሽፋንም ከእሱው ነው። በውስጡ ያለው ካልሲየም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይህን ሳስረዳት «ታዲያ ቀንድ አብቅለሽ ምን ያስጨንቅሻል?» ብላኝ አረፈች።

አክስቴ ደግሞ ዓይን ነው ትላለች። በእኔ ጥፍር ማን ቀንቶ? መድኃኒቱ ነጭ ሽንኩርት ነው አሉ፤ ወቅጦ በጨርቅ አስሮ ማደር። ኧረ እንዳትሞክሩት! ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ሲያድር ያቃጥላል፤ በድርቀቱ ላይ ቁስል ይጨምራል። ቡዳውን ያባርራል የሚሉት ግን እውነት ሳይሆን አይቀርም። ባለቤቴም ያን ሌሊት ሳሎን ነው ያደረው።

ሦስተኛዋ ጠያቂ ልጇ ጅዳ ናት። ወሎ ውስጥ ዓረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ሻንጣ ሲመጣ ሽቶ ይወጣል፣ ብርድ ልብስ ይወጣል፣ ከዚያ የባዮቲን ብልቃጥ ይወጣል። ብልቃጡ ላይ ረጃጅም ቀይ ጥፍር ያላት ሴት አለች። መቼም እቃ ስታጥብ አይደለም የተነሳችው። ባዮቲን የቫይታሚን ዓይነት ነው፤ እጥረቱ ያለበት ሰው እምብዛም አይገኝም። ሳያንስሽ ብትወስጂው ጥፍር ያጠነክራል ለማለት ያለው ማስረጃ ስስ ነው። ይልቅ በብዛት ሲወሰድ የልብና የእንቅርት ዕጢን የደም ምርመራ ውጤት ሊያዛባ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ይህንኑ ብሎ አስጠንቅቋል። ለጥፍር ብለሽ ጀምረሽ የሌለብሽን የእንቅርት በሽታ ይዘሽ እንዳትመጪ። የምትወስጂ ከሆነ ደም ከመስጠትሽ በፊት ለሐኪሙ ተናገሪ።

አማቴ ካሉ ደግሞ ነገሩ በዚህ አያበቃም። የባለቤቴን እጅ አንስተው ለጉባኤው ያሳያሉ። «እስቲ የኔን ልጅ እዩት! ዘር ነው። በኛ በኩል ጥፍር አይሰበርም።» እውነት ለመናገር ጥፍሩ ያብረቀርቃል። አንድ ስንጥቅ የለበት፣ አንድ ትልም የለበት። የጠጣበትን ሲኒ ያስቀመጠበትን ቦታ ዞሮ ዓይቶ አያውቅም።

ከሐኪሞቼ ሁሉ ልቤን የሚወስዱት የእንሶስላና የሂና ወገኖች ናቸው። ወሎ ነውና ዘመዶቼ ግማሹ ክርስቲያን፣ ግማሹ ሙስሊም ነው። በአባቴ በኩል ያሉት እንሶስላ ይሞቃሉ። ሥሩ ይወቀጣል፣ እጅና እግር ላይ ይደረጋል፣ ተጠቅልሎ ይታደራል። ጠዋት ሲፈታ ጥፍሩም መዳፉም ቀልቷል። በእናቴ በኩል ያሉት ሂና ናቸው። የአክስቴ ልጅ የጥፍር ቀለም የማትቀባው ውዱእ፣ ከሶላት በፊት ያለው መታጠብ፣ ስለሚከለክላት ነው። ቀለሙ ጥፍሩን ይሸፍናል፤ ውሃው ደግሞ ጥፍሩን መንካት አለበት። ሂና ግን ሰርፆ ያቀላል እንጂ ሽፋን አይሠራም። በየሶላቱ ሰዓት ቀለም በአሴቶን ስታስለቅቅ ብትውል ኖሮ፣ አሴቶን አድራቂ ነውና የእሷም ጥፍር የእኔን ይሆን ነበር። ሃይማኖት ነፍስን ያድን አያድን እንጃ ብሎ የሚከራከር ካለ፣ ጥፍር ሲያድን ግን እኔ ምስክር ነኝ። በሰርግ ሰሞን «ጥቁር ሂና» እያሉ የሚያመጡት ሌላ ጉድ ነው። ብዙ ጊዜ የፀጉር ማቅለሚያ ይቀየጥበታል፤ ቆዳ ያቆስላል፣ ውሃ ያስቋጥራል።

ደህና ምክር ያገኘሁት ፒያሳ ካለ አንድ ፋርማሲ ነው። ልጁ ገና ጢሙ በቅጡ አልወጣም። አውራ ጣቴን ወደ መብራቱ አዙሮ አየና «ቁመቱን የሄደው መስመር ምንም አይደለም። ዕድሜ ነው፣ እትዬ» አለኝ። ቡዳው ይሻለኝ ነበር።

ልብ መባል ያለበት አግድም የሚሄደው ነው አለ። ቦ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1846 ስለዚህ ጽፏል፤ መስመሩም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሰውን ከባድ ትኩሳት ሲጥለው ጥፍር ማደጉን ለጊዜው ያቆማል፣ ሲያገግም ይቀጥላል። ያቆመበት ቦታ ላይ ጎድጓዳ መስመር ይቀራል። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ መስመሩ ከስር ምን ያህል እንደራቀ ዓይቶ የታመሙበትን ወር መገመት ይቻላል። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ሰው ሰላም ስል ዓይኔ ጥፍሩ ላይ ነው። መሥሪያ ቤታችን «ታይፎይድ ገድሎኝ ነበር» ብሎ ወር ሙሉ የጠፋ ሰው አለ። አሥሩም ጥፍሩ ሜዳ ነው። ሕመም ሁሉ መስመር እንደማይጥል አውቃለሁ፤ ፍርዱን ለፈጣሪ ትቼዋለሁ። ግን ሜዳ ነው።

ጥፍር መሃሉ ሰርጉዶ የውሃ ጠብታ የሚይዝ ከሆነ የብረት ማነስ ሊሆን ይችላል፤ ደም መመርመር ነው። አንዲት ጥቁር መስመር ድንገት ወጥታ እየሰፋች ከሄደችም ሳይውሉ ሳያድሩ ለቆዳ ሐኪም ማሳየት ነው። ብረት ላነሰው ሰው ከሚሰጡት ምክሮች አንዱ ግን አሳቀኝ። ቡናና ሻይ ሰውነት ከእህልና ከጎመን የሚያገኘውን ብረት ስለሚቀንሱ ከምግብ ማራቅ ነው አሉ። ለወሎ ሰው! እኛ እኮ ምግብ የምንበላው ለቡናው መንደርደሪያ እንዲሆነን ነው።

ከዚያ ልጁ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ። «በቀን ስንት ጊዜ እጅዎ ውሃ ይነካል?»

እንጃ። ቆጥሬ አላውቅም። የቁርስ እቃ፣ የምሳ እቃ፣ የእራት እቃ አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲሉ ሲኒው በየመሃሉ ይታጠባል። ሊጥ አለ። የልጆች ልብስ አለ፤ ነጩን በበረኪና፣ ሌላውን በኦሞ። ልጁ በግማሽ ላይ «ይበቃኛል» አለ።

ጥፍር ውሃ ይጠጣል አለኝ። ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ቀኑን ሙሉ ሲያብጥና ሲኮማተር ሲውል ንብርብሩ እርስ በርሱ ይላቀቃል። ኦሞው ደግሞ የነበረችውን ጥቂት ቅባት ጠርጎ ይወስዳታል። ስለዚህ ውሃ ስትነኪ ጓንት። ከታጠብሽ በኋላ ጥፍሩንም ዙሪያውንም ቫዝሊን። ጥፍሩን አሳጥሮ መቁረጥ፤ ስትሞርጂም ወዲህ ወዲያ ሳይሆን ወደ አንድ አቅጣጫ። ዙሪያውን ያለውን ቆዳ ግን በመቀስ አለመንካት፤ ጀርም ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ በሩን የዘጋው እሱ ነው። አዲስ ጥፍር ከስር እስከ ጫፍ ለመተካት ስድስት ወር ገደማ ይፈጅበታል። በፋሲካ የጀመረች ለመስከረም 21፣ ለግሸን ማርያም ትደርሳለች ማለት ነው። የእግር ጥፍር ግን ዓመት አልፎም ይሄዳል። ግሸንን ወጥቶ ሲወርድ የእግሩ ጥፍር የጠቆረበት ሰው ለሚቀጥለው ንግሥ ገና ሳይተካለት ሊሄድ ይችላል።

ይህን ሁሉ ቡና ላይ ተናገርኩ። ማንም አላመነኝም። ቫዝሊን ርካሽ ነዋ! መድኃኒት ከጅዳ ካልመጣ ወይ ካልቆረቆረ መድኃኒት አይደለም። አክስቴ ብቻ «ቫዝሊን ሳይመጣ በፊት ለጋ ቅቤ ነበር» አለች። በዚህስ አልከራከራትም። ቅባት ቅባት ነው፤ ችግሩ ድመቷ ከእጄ አለመለየቷ ነው።

ጓንቱን አድርጌ እቃ ማጠብ ስጀምር አማቴ ከች አሉ። በሩ ላይ ቆመው እጄን አዩ።

«ምነው? ማን ሊወልድ ነው?»

«ኧረ እማማ፣ ለጥፍሬ ነው።»

«እኔ ስምንት ልጅ ሳሳድግ ሳፋ ውስጥ ባዶ እጄን ነው የነከርኩት። እቃሽን ተጠየፍሽው?»

ጓንቱ የዚያኑ ቀን ቁም ሳጥን ገባ። በወዲያኛው ሳምንት ኮምቦልቻ ሰርግ ነበረብኝ። ያም ያም «በዚህ እጅ ሙሽራ ልትስሚ?» ሲለኝ አንድ ጥፍር ቤት ሄድኩ። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ እጇ ፈጣን ነው። አትቁረጪው ብዬ አፌን ሳልከፍት ዙሪያውን ያለውን ቆዳ በመቀስ ሙልጭ አድርጋ አነሳችው። የተቀባሁት ቀለም እውነት ያምር ነበር። ሰርጉ ላይ ሁሉም አየልኝ። ከሰርጉ በኋላ የመሃል ጣቴ ቀላ፣ አበጠ፣ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ጥፍረ መጥምጥ! ሌሊት ጣትሽ ውስጥ ሌላ ልብ የሚመታ ነው የሚመስለው። ሐኪሟ መግሉን አውጥታ፣ መድኃኒት ሰጥታ፣ «እስኪድን ውሃ እንዳይነካሽ» አለች። ለባለቤቴ ደግማ ነገረችው። እሱም ሰማ።

እናም ባለቤቴ ወደ ሳፋው ወረደ። በመጀመሪያው ቀን የድስት መፈግፈጊያው ምን ዓይነት እንደሆነ አሳየሁት። ጓንቱን ሳወጣለት «ወንድ ልጅ በጓንት?» ብሎ ሳቀብኝ። ኦሞውንም አልቆጠበም፤ አረፋው ከሳፋው ተርፎ ወለሉ ላይ ሄደ። ሲኒ ሰበረ። የሰበረውን ሳይቆጥር ሌላ ሰበረ። ግን አጠበ፤ ሐሰት አልናገርም። ጠዋት አጠበ፣ ማታ አጠበ። በረካ ላይ «ቡና ይህን ያህል ሲኒ ይፈልጋል እንዴ?» ሲል ሰማሁት።

ጣቴ ሊሽር ሲል አማቴ ለቡና መጡ። እንደ ልማዳቸው የልጃቸውን እጅ አነሱ። ለጉባኤው ሊያዞሩት ሲሉ ቆም አሉ። ገለበጡት። ጣት በጣት ዳበሱት። ቆዳው ነጭ ሆኖ ተሰነጣጥቋል፣ የጥፍሩ ጫፍ ሻክሯል።

«ካልሲየም…» ብላ ጎረቤቴ ጀመረች።

«የምን ካልሲየም!» አሉ አማቴ። «ውሃ ነው እንጂ! ኦሞ ነው! የሰው ልጅ ቀኑን ሙሉ እጁን ኦሞ ውስጥ ነክሮ ሌላ ምን ይሆናል?»

አክስቴ ወደ እኔ አየች። እኔ ሲኒ አቀበልኩ።

በማግስቱ ጓንት ገዝተው ላኩ። ጥሩ ጓንት ነው፤ ወፍራም፣ ውስጡ ጥጥ ያለው። ቁጥሩ ግን ትልቅ ነው። እኔ እጅ ላይ ይወልቃል።