ለአረፋም ቫት ከፈልኩ

ሙሉ ቅዳሜዬን ቢራ ፍለጋ ስንከራተት አጠፋሁት። ሰካራም እንዳትሉኝ፣ እንግዳ ይዤ ነው።

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ፣ ከዴንቨር መጣ፤ ከ12 ዓመት በኋላ። ክትፎውን በላ፣ ዘመድ ጠየቀ፣ የቆየ ለቅሶ ሁሉ ደረሰ። አርብ ማታ ታዲያ "ስማ፣ ነገ ጥሩ ጥሩ የክራፍት ቢራ ቤቶች ውሰደኝ" አለኝ። እነሱ ጋ ቅዳሜ የሚያልፈው እንደዚህ ነው አሉ። የራሱን ቢራ በትንሽ በትንሹ ከሚጠምቅ አንድ ቤት ወደ ሌላው እየዞሩ በትንንሽ ብርጭቆ መቅመስ። እኔም ጉረኛ ነኝና "ይሄማ ቀላል ነው፣ ቦሌን ብቻ ብንዞር ይበቃናል" አልኩት። ምናለ አፌን በያዘው!

የመጀመሪያው ቤት በር ላይ በመብራት "ክራፍት ቢራ" ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ ያምራል። የጡብ ግድግዳ፣ የተንጠለጠሉ አምፖሎች፣ ከበርሜል የተሠሩ ጠረጴዛዎች። ሜኑው ላይ ስድስት ዓይነት ቢራ ተደርድሯል። የአክስቴ ልጅ ዓይኑ በራ።

"የስንዴው አለ?"

"አልቋል።"

"ጥቁሩስ?"

"ጥቁሩ ዛሬ የለም።"

"እሺ ከስድስቱ የትኛው አለ?"

"ድራፍት አለ" አለች አስተናጋጇ።

"የማን ድራፍት?"

ወደ ባንኮኒው ዞር ብላ አየችና "የቤቱ ነው" አለች።

መጣ። ጃምቦው ላይ አራት ጣት አረፋ ተቆልሏል። እስኪወርድ ጠበቅን። ሲወርድ ቢራው ከጃምቦው ጆሮ ሥር ተገኘ። "እህት፣ ሙይልኝ እንጂ" ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "አረፋው እኮ ነው ጣዕሙ!"

ችዬ ጠጣሁ። መጸዳጃ ቤት ስሄድ ግን ኮሪደሩ ላይ የብረት በርሜሎች ተደርድረው አየሁ። የፋብሪካው ስም እንደ መኪና ታርጋ ጎልቶ ይነበባል። ሰፈሬ ካለው ድራፍት ቤት በሲሶ ዋጋ የምጠጣው ያው ቢራ ነው! ተመልሼ ሒሳብ ጠየቅኩ። ቫት አለው፣ ሰርቪስ አለው። ለአረፋም ቫት ከፈልኩ ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ሲወጣ "ክራፍቱ የቱ ጋ ነው?" አለኝ። "በሩ ላይ" አልኩት።

የፋብሪካ ቢራ ጠላት አይደለሁም። ጊዮርጊስ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ እየተጠመቀ ነው፤ አያቴም ጠጥቶታል፣ እኔም እጠጣዋለሁ። የሚገርመኝ የኛ የጠጪዎቹ ነገር ነው። ሁለት ጓደኞች አሉኝ፤ አንዱ በደሌ፣ አንዱ ሐረር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚሉ። እንደ አርሰናልና ማንቼ ይሰዳደባሉ። ሃይኒከን ሁለቱንም ፋብሪካዎች በ2003 ዓ.ም. እንደገዛቸው ብነግራቸው እኔን ተቆጡኝ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ክራፍት ማለት ቤቱ ራሱ በትንሽ በትንሹ የጠመቀው፣ ጠማቂው እጁን ያስገባበት ማለት ነው። ከፋብሪካ በመኪና የመጣ በርሜል ላይ አምፖል ስላንጠለጠልክበት ክራፍት አይሆንም።

እውነቱን ለመናገር ቦሌ ውስጥ ለዓመታት የራሱን ቢራ እየጠመቀ የኖረ ቤት አለ፤ ቢር ጋርደን። አሠራሩ የጀርመን ነው። ብሎንዲ የሚሉት ቢጫ፣ ኢቦኒ የሚሉት ጠቆር ያለ። እዚያ ስንደርስ የእንግዳዬ ፊት ፈታ አለ። "ቀጣዩስ?" ሲለኝ ግን ስልኬን አውጥቼ መነካካት ጀመርኩ። የማየው ነገር ኖሮኝ አይደለም።

ያኔ ነው ጠጅ ትዝ ያለኝ። ቀድሞ ለምን እንዳልታሰበኝ አሁንም አይገባኝም።

አንድ ታዋቂ የሚባል ጠጅ ቤት ገባን። ብርሌው ቀረበ። ቀለሙ የሚያበራ ቢጫ፣ ጨለማ ውስጥ መጽሐፍ ያስነብባል። አፌ ላይ እንዳረፈ አወቅኩት። ስኳር። ጣፋጩ ምላስ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ጌሾው የለም፣ የማሩ ሽታ የለም። ባለቤቱን ጠርቼ "ጋሼ፣ ይሄ ጠጅ ከማር ነው?" አልኳቸው።

"ማርማ አለበት!" አሉኝ ኮስተር ብለው።

አለበት! በ"ከማር ነው" እና በ"ማር አለበት" መካከል ያለውን ገደል አያችሁት? እንደሱ ከሆነማ ጣና ሐይቅም አሣ አለበት፤ አሣ ወጥ ነው ብለን አንበላውም። ማር ተወዷል፣ ይገባኛል። ከአፍሪካ በማር ምርት አንደኛ በሆነ አገር ማር እንደ ወርቅ ሲመዘን ማየት ራሱ ሌላ ብሶት ነው። ግን "የስኳር ጠጅ" ብለህ ጻፍና ዋጋውን ቀንስ፤ እጠጣልሃለሁ። ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ ብለህ ሦስት ስም ሰጥተህ አንዱን ስኳር አትሽጥልኝ። ራስ ምታቱ እሑድ እስከ ከሰዓት አብሮኝ ነበር።

"በቃ ጠላ እንጠጣ" አለ የአክስቴ ልጅ። እኔ የማውቃት ጠላ ቤት ካዛንቺስ ነበረች። ካዛንቺስ ፈርሷል። ሴትዮዋ የት እንደሄዱ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ድሮስ ታፔላ የሌለው ቤት አድራሻ ቀየርኩ ብሎ የት ይለጥፋል?

ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣን። ጠይቀን ጠይቀን አንድ ቅያስ ውስጥ የምንፈልጋትን ምልክት አየናት። እንጨት ላይ የተደፋች ጣሳ። በቆርቆሮ አጥር ገባን። ሦስት አግዳሚ ወንበር፣ ጥግ ላይ ሁለት ጋን። እትዬ ጣሳውን አለቅልቀው ቀዱና ከላዩ ጠብ አድርገው በመዳፋቸው ቀመሱ። ከዚያ ሰጡን። እኔ ይሄን ስንቴ አይቼዋለሁ፤ የአክስቴ ልጅ ግን ደንግጦ "ምን እያደረጉ ነው?" አለኝ። "እኔ ያልጠጣሁትን አላጠጣችሁም ማለታቸው ነው" አልኩት።

ጠላው ጠቆር ያለ፣ የወይራ ጭስ የሚሸት፣ መጨረሻ ላይ ጌሾው ጉሮሮ የሚቆነጥጥ ነው። ልጁ አንድ ጣሳ ጨርሶ ጥያቄ በጥያቄ ሆነ። እትዬም ደስ አላቸው። ጋኑ የቀጨኔ ሥራ ነው፤ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ይጠነሰሳል። ብቅሉ ይገባል። አሻሮው ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ይደፈደፋል። አሻሮው ትንሽ ካረረ ጠላው ይመራል፣ ካነሰው ደግሞ ውሃ ውሃ ይላል። የአክስቴ ልጅ ወደኔ ዞሮ "ይሄ እኮ ነው! እኛ ጋ ለዚህ ሰልፍ እንይዛለን!" አለኝ። የከፈልነው ሒሳብ የዚያኛውን ቤት ቫት አያክልም።

"እትዬ፣ ለምን ታፔላ አያወጡም?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

ሳቁ። "አይ ልጄ፣ ታፔላ ላወጣ? ኪራዩንም አልቻልኩት። ደግሞ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ጓደኞቿ ይመጣሉ። ጠላ ቤት ብዬ ልጽፍባት?"

ብሶቴ እዚህ ጋ ነው የገነፈለው።

የአክስቴ ልጅ እንደነገረኝ አሜሪካ ውስጥም እቤት ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ተደብቆ ነበር የሚጠመቀው። በ1988 እ.ኤ.አ. ዴንቨር ውስጥ ዊንኩፕ የሚባል እዚያው ጠምቆ እዚያው የሚሸጥ ቤት ተከፈተ። ከመሥራቾቹ አንዱ ጆን ሂክንሉፐር ይባላል። ሰውየው ኋላ የዴንቨር ከንቲባ ሆነ፤ ከዚያ የኮሎራዶ ገዥ፣ ከዚያ ሴናተር። ጠማቂ ነኝ ብሎ አላፈረም፤ እንዲያውም እሱኑ ይዞ ነው የተወዳደረው።

እኛ ጋ ከእናቷ፣ እናቷም ከእናቷ የተማረች ጠማቂ ልጇን እንዳታሳፍር ጣሳ ደፍታ ቅያስ ውስጥ ትደበቃለች። የሰው በርሜል ኮሪደር ላይ ደብቆ "ክራፍት" የሚለው ደግሞ ዋናው መንገድ ላይ መብራት ያበራል! እኔም ያው ነኝ። እንግዳዬ "ክራፍት" ሲለኝ በቀጥታ ወደ መብራቱ ነው የወሰድኩት። ሽሮ ሜዳ ትዝ ያለኝ ኪሴ ከባዶ ሊቆጠር ሲል ነው።

ለማንኛውም የአክስቴ ልጅ እስከ ሐሙስ አለ። ከማር የተጣለ፣ "ማር አለበት" ያልሆነ ጠጅ የምታውቁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። እዚህ በአደባባይ እንዳትጽፉት አደራ፤ ሰው ይበዛና ስኳር ይገባበታል።