ከፍለው የሚገዙት ብርድ

ሆላንድ ውስጥ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ይበርደዋል። እውነቴን ነው። የምሠራበት መጋዘን በጥር ወር ለሠራተኛው የጭንቀት ሥልጠና አዘጋጀ። አሰልጣኙ በረዶ የሞላው በርሜል ግቢው መሃል አቁሞ በየተራ ግቡ አለን። ሰውነት ብርድን ከለመደ ጭንቀትንም ይችላል ነው ነገሩ። መቀጠል የፈለገ ደግሞ ኮርሱን ከኪሱ ይግዛ።

እንግዲህ ይህን የሚነግረው ደብረ ብርሃን ተወልዶ ላደገ ሰው ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በታኅሣሥ ውርጭ፣ ጀሪካን ውስጥ ያደረ ውሃ ፊት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ። በሬሳ ወንዝ ወርደን ልብስ ስናጥብ ጣታችን የኛ መሆኑ ያጠራጥረን ነበር። ጽናት እየገነባችሁ ነው ያለን ግን የለም። "ውጡ፣ ብርድ ይመታችኋል!" ነበር የምንባለው። እኛ ጋ ወገብም፣ ጥርስም፣ ሆድም የሚታመመው በብርድ ነው።

ላለማማት ያህል፣ ነገሩ ባዶ ወሬ አይደለም። ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲነካን ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ልብ በኃይል ይመታል፣ ኖርአድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን ይጨምራል። ሲደጋገም ድንጋጤው እየቀነሰ ይሄዳል። በፈረንጆቹ 2016 እዚሁ ሆላንድ አንድ ጥናት ወጥቷል። ከ3,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። ሻወራቸውን በቀዝቃዛ ውሃ የጨረሱት፣ ከ30 እስከ 90 ሰከንድ ብቻ፣ በሕመም ከሥራ መቅረታቸው በ29 በመቶ ቀንሷል። የታመሙባቸው ቀናት ግን አልቀነሱም። እያመማቸው ሥራ ገቡ ማለት አይደል? አለቃችን ይህን ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደበራ ብታዩ!

ደግሞ እነዚያ ሰዎች መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ታጥበዋል። ይቺን አሰልጣኙ ቶሎ አለፋት። ደም ግፊት ያለበት አለ ወይ ብሎም አልጠየቀም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ግፊት እንደሚጨምር እያወቀ።

ጻድቃኔ ማርያም በሌሊት ለጠበል የሚሰለፈውን ሕዝብ አሰብኩት። ውሃው ያው ቀዝቃዛ ነው። ግን ስትወጣ ጋቢ ይዞ የሚጠብቅህ ሰው አለ። የማታውቀው ሰው ሳይቀር "እግዜር ይማርህ" ይልሃል። እዚህ በሰዓት ተለክቶልህ ትወጣና ፎጣህን ራስህ ትፈልጋለህ።

የኔን ጭንቀት ከጠየቃችሁኝ ምንጩ ሩቅ አይደለም። የነገው ፈረቃ እንደተቀየረ ማታ በስልክ መልእክት ይነገረኛል። ሽንት ቤት የቆየሁበት ደቂቃ ይቆጠራል። ጓደኛችን የልጁን ልደት ለማክበር ፈቃድ ጠይቆ ተከልክሏል። አስጨናቂዎቹ እነሱ፣ በርሜል የሚያቀርቡልን እነሱ! ፈረቃውን ቢያስተካክሉልኝ እኮ በሙቅ ውሃ ታጥቤ እጸና ነበር።

እህቴ ጋ ደውዬ ነገርኳት።

"ከፍለህ ነው የገባኸው?"

"መሥሪያ ቤቱ ነው የከፈለው።"

"ታዲያ ብሩን በእጅህ አይሰጡህም ነበር?"

በዚያው ለእማዬ የውሃ ማሞቂያ እንድትገዛላት ተነጋገርን። በማግስቱ ይህንኑ ለአሰልጣኙ ባወራው አዘነ። በዚህ ዕድሜዋ የለመደችውን ብርታት ታጣለች አለኝ። እስቲ በታኅሣሥ ንጋት ደብረ ብርሃን ይምጣና ለራሷ ለእማዬ ይንገራት።