ኖታውን ከፌስታል አውጡት

ወገኖች፣ የመነኩሲቷን አቀናባሪ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ሰምቶ እንባ ማቅረር ብቻውን ምን ይፈይዳል? ሸክላቸው ጀርመን አገር ከታተመ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ፣ የፒያኖ ኖታዎቻቸው በ2013 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ የወጡት ኢየሩሳሌም ነው። ድካሙን ለባዕድ ትተን ኩራቱን ብቻ ወሰድን። የአቀናባሪውን የአሸናፊ ከበደን የኦርኬስትራ ሥራ «እረኛው ባለዋሽንት»ስ ስንቶቻችን ከዳር እስከ ዳር ሰምተነዋል?

ቸልታ ምን እንደሚያደርግ ከጥቁር አሜሪካዊቷ አቀናባሪ ከፍሎረንስ ፕራይስ ተማሩ። የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በ1933 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ሲምፎኒዋን ተጫውቶላት ነበር። በ1953 እ.ኤ.አ. አረፈች። ሁለት የቫዮሊን ኮንቸርቶዎቿና አራተኛ ሲምፎኒዋ የተገኙት ግን በ2009 እ.ኤ.አ. ኢሊኖይ ውስጥ፣ ጣሪያው በተቀደደ ወና ቤት ነው። ወረቀቱ የተረፈው ዝናብ ባልደረሰበት ክፍል ስለነበረ ብቻ ነው!

እናንተ ቤት ያለውስ? የአባት የእናታችሁን ኖታ በፌስታል ቋጥራችሁ ቁም ሳጥን ላይ አትወርውሩ፤ ፌስታል እርጥበት አምቆ ያሻግተዋል። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ። ሙጫው ውሎ አድሮ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ቀለሙንም ያበላሻል። የዛገ ስፒል ካለ ቀስ ብላችሁ አውልቁ። የገጽ ቁጥር መጻፍ ካስፈለገ በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዙ ላይ ይሁን። ገጾቹን ከመለያየታችሁ በፊት ግን እንዳሉ በስልክ አንሷቸው፤ ቅደም ተከተሉ አንዴ ከጠፋ መልሶ ማግኘት ከባድ ነው።

ስካን ስታደርጉ በቀለም፣ ከ400 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ) ሳትወርዱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በጥቁርና ነጭ ብቻ ከተነሳ አቀናባሪው በእርሳስ ያረመው ይጠፋና ያልፈለገው ድምፅ ይመለሳል። ከሩብ ኖታ ጎን ያረፈች የሻጋታ ጠብታም የማራዘሚያ ነጥብ ትመስላለች፤ ኖታውን በግማሽ ታስረዝመውና የምቱ ቆጠራ አልገጥም ይላል። በቀለም ከተነሳ ግን ሻጋታውና የጽሕፈቱ ቀለም ይለያሉ።

ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሪል ቴፕ ካላችሁ ለብቻው አስቀምጡት፣ ጎረቤቱንም ይበክላል። በተገኘው ማጫወቻ አትሞክሩት፤ አንዴ ከተበጠሰ የሚመለስ ድምፅ የለም።

የሙዚቃ ተማሪዎች፣ የእማሆይን ሥራ በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥር መሣሪያ) አስራችሁ አትጫወቱ። ኖታውን በእጃችሁ ይዛችሁ ቅጂያቸውን አድምጡ፤ የት እንደሚቸኩሉ፣ የት እንደሚያዘግሙ በእርሳስ ምልክት አድርጉ።

ስካኑን ሦስት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን። ዋናውን ወረቀት ደግሞ ሰኔ ሳይገባ ከጣሪያው ስር አውርዱት።