ናጋሳኪን ለመምታት ማን ወሰነ?

የአቶሚክ ቦምብ ነገር በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ያው ነው። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ትሩማን ቦምቡን በጃፓን ላይ ማስጣላቸው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም? አንዱ ጃፓንን በእግረኛ ጦር መውረር ቢያስፈልግ ከዚያ የባሰ ሰው ያልቅ ነበር ይላል፣ ሌላው ጃፓን ቀድሞም ያለቀላት አገር ነበረች ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ሂሮሺማ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግን ናጋሳኪ ነው፤ ሁለተኛውን ቦምብ ለብቻው አስቦበት "ይጣል" ያለ ሰው ብትፈልጉ አታገኙም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጁላይ 25 ቀን 1945 (ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከዋሽንግተን አንድ ትእዛዝ ወጣ። የመጀመሪያው ቦምብ ከኦገስት 3 ገደማ በኋላ፣ አየሩ እንደፈቀደ፣ ከሂሮሺማ፣ ከኮኩራ፣ ከኒጋታ ወይም ከናጋሳኪ በአንዱ ላይ ይጣል ይላል። ተጨማሪዎቹ ደግሞ ተሠርተው እንደደረሱ በእነዚሁ ከተሞች ላይ ይጣሉ። በቃ። ከመጀመሪያው በኋላ ቆም ብለን የጃፓኖችን መልስ እንስማ የሚል ነገር የለበትም፤ ፕሬዝዳንቱ እንደገና ይጠየቁ የሚልም የለበትም።

ሂሮሺማ ኦገስት 6 ጠዋት ተመታች። ሁለተኛው ቦምብ ለ11 ታስቦ ነበር፤ አየሩ ሊበላሽ ነው ስለተባለ ወደ 9 አመጡት። አስቡት፣ የአየር ትንበያ ነው ቀኑን የቆረጠው! ቶኪዮ በዚያን ጠዋት ሶቪየት ኅብረት ጦርነት ማወጇን ሰምታ፣ ስድስት ባለሥልጣናት ስለ እጅ መስጠት ተቀምጠው እየተከራከሩ ነበር። የናጋሳኪ ወሬ የደረሳቸው እዚያው ስብሰባ ላይ ነው።

ቦምቡን የጫነችው፣ ቦክስካር የተባለችው አውሮፕላን እንኳ የሄደችው ወደ ናጋሳኪ አልነበረም። ኢላማዋ ኮኩራ ነበር። ሦስቴ ሞከረች፣ ከተማዋ በጭስና በደመና ተሸፍና አልታይ አለች። ነዳጅ እያነሳት ፊቷን ወደ ናጋሳኪ አዞረች፤ እዚያም ደመና። ቦምቡ ረፋዱ ላይ፣ ከ5 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ አልፎ፣ ከታለመለት ቦታ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኡራካሚ ላይ ፈነዳ። ኡራካሚ የካቶሊኮች ሰፈር ነው። ካቴድራሉ ከፍንዳታው 500 ሜትር ያህል ብቻ ይርቅ ነበር፣ ለፍልሰታ በዓል ንስሐ ሊገቡ የመጡ ምእመናን ከካህናቱ ጋር እዚያው አለቁ። ፍልሰታን ለሚጾም የአገሬ ሰው ይህ ሩቅ ታሪክ አይመስለኝም። ዓመቱ ሳይገባደድ የሞተው ሰው ወደ 70,000 ይጠጋል። የተረፉት ደግሞ ዓመታት ቆይቶ በሚመጣ የደም ካንሰር ሲሰቃዩ፣ ጨረር ነክቷቸዋል እየተባለ ትዳርና ሥራ ሲከለከሉ ኖሩ።

በማግስቱ፣ ኦገስት 10፣ ትሩማን ከእንግዲህ ያለ እኔ ፈቃድ አይጣል አሉ። ሌላ 100,000 ሰው መፍጀት፣ በተለይ ያን ሁሉ ሕፃን፣ እንደዘገነናቸው የካቢኔ አባላቸው ሄንሪ ዋላስ በማስታወሻቸው ጽፈዋል። ይህ ጥያቄ ከናጋሳኪ በፊት መነሳት ነበረበት።

ጦርነቱን የጨረሰው እኮ ናጋሳኪ ነው የሚል ይኖራል። ግን ወሬው ከደረሰ በኋላም ስድስቱ ሦስት ለሦስት እንደተከፈሉ ነበሩ። ነገሩን የቋጨው ንጉሠ ነገሥቱ ነው፣ እሱም የሂሮሺማንና የሶቪየትን ነገር አውቆ።

ዛሬስ? አሜሪካ ውስጥ ኒውክሌር ይተኮስ ብሎ የማዘዝ ሥልጣን የፕሬዝዳንቱ ብቻ ነው። የኮንግረስ ፈቃድ አያስፈልግም፣ የማንም ሁለተኛ ፊርማ አያስፈልግም። ያኔ የሚጠይቅ ጠፋ፣ አሁን ደግሞ እምቢ የማለት ሥልጣን ያለው ሰው የለም። ይህ ያስፈራኛል።

ብዙዎቻችን የማናነሳው አንድ ነገር ልጨምር። በ1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኒውክሌር መጠቀም በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ብሎ ሲያውጅ፣ ሐሳቡን ካቀረቡት አገሮች ግንባር ቀደሟ ኢትዮጵያ ነበረች። በጣሊያን መርዝ ጋዝ የተቃጠለች አገር ናት፣ የምትለውን ታውቃለች። 55 አገሮች ደገፉ፣ አሜሪካን ጨምሮ 20 ተቃወሙ። አገራችን ያን አቋሟን ዛሬም በየመድረኩ ሳትፈራ ብትደግመው ደስ ይለኛል።