ማስተካከያ፦ ስለ ልብ ምርመራ ስለጻፍኩት

ባለፈው «ዕድሜው ከ40 ያለፈ ድሬዳዋዊ ሁሉ፣ ምንም ባይሰማውም፣ በየዓመቱ ኢሲጂ ይነሳ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ኢሲጂ፣ ያ ደረት ላይ ሽቦ ተለጥፎ የሚወጣው ወረቀት፣ ልብ በዚያች ሰዓት እንዴት እንደምትመታ ነው የሚያሳየው። ነገ ደም ስሯ ይዘጋ እንደሆነ አይናገርም። የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና አማካሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ምልክት ለሌለውና ስጋቱ ዝቅተኛ ለሆነ ሰው አይደረግ ብለዋል። ጤነኛውን «የሚያጠራጥር ነገር አለ» ብሎ ወደ ሌላ ምርመራ ይጎትታላ! ደረቱን የሚያመው ግን ይመርመር።

«ስቴንት ዕድሜ ያረዝማል» ያልኩትም በጅምላ ነበር። ስቴንት የጠበበ የልብ ደም ስር ውስጥ ገብቶ ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ ነው። አይስኬሚያ የተባለው ጥናት የልብ ደም ስር ሕመማቸው የተረጋጋ 5,179 ሰዎችን ተከታትሏል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ውጤት እንዳሳየው በመድኃኒት ላይ ስቴንት ወይም ቀዶ ሕክምና መጨመሩ ሞትን አልቀነሰም። የደረት ሕመምን ግን አስታግሷል። ሃርት አታክ ለያዘው፣ የልብ ደም ስሩ በድንገት ለተዘጋበት ሰው ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ስቴንት ነፍስ ያድናል።

የደም ግፊት ተለኩ ያልኩት እንዳለ ነው። ጽሑፌን ያነበቡ አንድ ጎረቤቴን ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር አገኘኋቸው። ለኢሲጂ ገንዘብ ቋጥረዋል። የግፊት ክኒናቸው ካለቀ ግን ሦስት ሳምንት ሆኖታል።