ቪዛ ሲመታ የሚያምር ተራራ

እሰይ! የዘንድሮም የስንብት ወቅት ደረሰ። ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ፣ ቪዛ የተመታላቸው ወገኖቻችን ወደ እንጦጦ ይተማሉ። ባለፈው ቅዳሜ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ያለው መንገድ በስንብት መኪኖች ተጨናንቆ፣ የማርያም ተሳላሚዎች በእግራቸው ቀድመው ሲደርሱ ያየ ሁሉ ነገሩ ይገባዋል። ቢሆንም እናመሰግናለን። እነሱ ባይሰደዱ ኖሮ ከተማችን ተራራ እንዳላት ማን ይነግረን ነበር?

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። መዳቡን መልሶ ወርቅ የሚያደርገው ግን ፓስፖርት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት መሆኑን ያወቅነው በቅርቡ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ተወልዶ ያደገ፣ እንጦጦን ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ለማየት ካልሆነ ቀና ብሎ አይቶት የማያውቅ ጎበዝ፣ ትኬት በቆረጠ ማግስት የተፈጥሮ አፍቃሪ ሆኖ ያድራል።

የስንብቱ ሥርዓት እንዲህ ነው። አስቀድሞ ፎቶ አንሺ ይያዛል። ቀጥሎ ነጭ ጫማ ይገዛል፤ የመስከረም ጭቃ ገና እንዳልደረቀ የሚነግረው የለም። ሯጮቹ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምረው ፀሐይ ሳትጠነክር ሥራቸውን ጨርሰው ይወርዳሉ። ባለስንብቱ ቁርሱን በልቶ፣ ጓደኞቹን ከየሰፈሩ ለቅሞ፣ ልክ 6 ሰዓት ላይ ከች ይላል። አናት ላይ የቆመች ፀሐይ ዓይንን ጉድጓድ ስለምታስመስል ፎቶው ሁሉ የታመመ ሰው ፎቶ ይሆናል፤ የሚወቀሰው ግን ፎቶ አንሺው ነው። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና አየሩ ስስ ነው። ከመኪና ወርዶ ጥቂት እርምጃ ዳገት ሲወጣ ልቡ ድው ድው ትላለች። ይህን የአገር ፍቅር ይለዋል።

ከዚያ ዛፍ ማቀፍ ይመጣል። ግንዱ ላይ ግንባሩን አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «የአያቶቼ ዛፍ!» ይላል። ዛፉ ባሕር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን፣ የከተማው ዙሪያ እንጨት ተጨፍጭፎ ሲያልቅ፣ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ ቶሎ አድጎ፣ ያገኘውን ውሃ ሁሉ መጥጦ፣ ከሥሩ ሌላ ቡቃያ የማያስጠጋ እንግዳ። የታቀፈው ስደተኛ መሆኑን ማን ይንገረው? ጥቂት እልፍ ብሎ የቆመው አገር በቀል ጽድ ደግሞ ቦርሳ ይንጠለጠልበታል። ኮሶውንና አስታውንማ «ቁጥቋጦው ፎቶውን አበላሸው» ብለው ገፋ ያደርጉታል።

አደዩም በእቅፍ ይነቀላል፤ ውሃ ሳያገኝ ስለሚጠወልግ ሽሮ ሜዳ ሳይደርስ በመስኮት ይወረወራል። መጨረሻ ላይ አፈር በፌስታል ይታፈሳል። ይህ አፈር ሻንጣ ውስጥ በበርበሬውና በሽሮው መካከል ይገባል። ሚዛኑ 23 ኪሎ ካለፈ አየር ማረፊያው ወለል ላይ ሻንጣ ይከፈትና ቤተሰብ ይመክራል፦ ከሽሮው ይቀነስ ወይስ ከአገሩ? እስካሁን ሽሮ ሲቀነስ ያየ የለም። አፈሩ እንደምንም አልፎ ዋሽንግተን ቢደርስም ያለ ፈቃድ አይገባም፤ ፈታሹ ወስዶ ይጥለዋል።

እዚህ ላይ ግን ሽሙጡ ይቁም። ከቁመታቸው የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ ቁልቁል የሚወርዱ እናቶች አሉ። ያ ሸክም አንዴ ከወረደ ያለ ሰው እርዳታ ተመልሶ ጀርባ ላይ አይወጣም። እነሱን መሀል መንገድ ላይ አስቁሞ «እማማ፣ አንዴ ከፎቶው ዞር ይበሉልን» ማለት ምን ዓይነት ድፍረት ነው? የባሰው ደግሞ አለ፦ «አይ ይቁሙ፣ ከኋላ ሲታዩ ያምራሉ» የሚለው። ሸክም ለብሔራዊ ትዝታህ መጋረጃ አይደለም! ሴትዮዋ ቅጠሉን ሸጠው ማታ ልጅ ያበላሉ። ወይ አግዝ፣ ወይ መንገድ ልቀቅ።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። ተሰናባቹ ማታ ፎቶውን ሲለጥፍ ለቀሪዎቻችን ምክር አይነፍገንም፦ «ያላችሁን አታውቁም!» እውነት ነው፣ አናውቅም። እሱ ያወቀው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ቢጠይቁት ችግኝ መሸጫ ይመስለዋል። በወጨጫ ተዳፋት ላይ ስላለው፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ችግኝ አስተክለውበታል ስለሚባለው የሱባ መናገሻ ደን ቢያነሱለት «ገዳም ነው?» ይላል። ዝቋላ አናት ላይ ሐይቅ አለ ቢሉትማ ይስቃል። ለእነዚህ ለእያንዳንዳቸው ሌላ ቪዛ ሳያስፈልገው አይቀርም።

ታዲያ አንዳንዴ በረራው ይራዘማል። አንድ ወረቀት ይጎድላል፣ ወይም ኤምባሲው «ጠብቅ» ይላል። አገር ምድሩን ተሰናብቶ ያለቀሰ ሰው ሰኞ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ከጎረቤቱ ጋር ዓይን ለዓይን ይጋጠማል። ምንም አይደለም፤ ቀኑ ሲቆረጥ ተራራው ሁለተኛ ስንብት ይቀበላል። ያንኑ ሸሚዝ ለብሶ እንዳይመጣ ብቻ አደራ፤ የመጀመሪያው ፎቶ ገና ከገጹ አልወረደም።