ክርክር፦ የአውራ ዶሮ ጩኸት የሕግ ከለላ ያስፈልገዋል?

እ.ኤ.አ. በ2019 በፈረንሳይዋ የኦሌሮን ደሴት፣ ሞሪስ የተባለ አውራ ዶሮ በሌሊት እየጮኸ አላስተኛን አለ ያሉ ጎረቤቶች ባለቤቱን ከሰሱ። ከሳሾቹ ተረቱ፤ 1,000 ዩሮ ካሳም እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው። በጃንዋሪ 2021 ደግሞ የገጠሩን ድምፅና ሽታ የአገሪቱ የጋራ ቅርስ አካል ያደረገ ሕግ ወጣ። ሕጉ ያስፈልግ ነበር?

ደጋፊ፦ አዎ፣ በጣም! ጂሮንድ በተባለው የፈረንሳይ አውራጃ ያለችው ጋጃክ 400 ገደማ ሰው የሚኖርባት መንደር ናት። ከንቲባዋ፣ ራሳቸውም ገበሬ የነበሩ ሰው፣ በ2019 ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው የደወሉ ድምፅ፣ የላሙ እምቧታና የዶሮው ጩኸት ቅርስ ይባሉልን አሉ። እውነታቸውን ነው። ሰው ቤቱን የሚገዛው በኦገስት ዕረፍቱ፣ ሁሉ ነገር ጸጥ ሲል ነው። ማርች ላይ ጎረቤቱ ፍግ መበተን ሲጀምር ግን ጠበቃ ይፈልጋል። ፍግ ሳይበተን እህሉ ከየት ይመጣል? ከ2010 እስከ 2020 የፈረንሳይ እርሻዎች ከ490 ሺህ ወደ 390 ሺህ ወርደዋል። በዚህ ላይ የፍርድ ቤት ጣጣ ሲጨመርበት የትኛው ወጣት ነው የአባቱን በረት የሚረከበው?

ተቃዋሚ፦ እህቴ፣ በዶሮው አልሟገትዎትም፤ ይጩህ። ግን ሞሪስ የረታው ሕጉ ሳይወጣ ነው። ዳኛው ጉዳዩን መዝኖ ፈረደ፣ አለቀ። እኔን የሚያሳስበኝ ዶሮውን ተገን አድርጎ የሚገባው ነው። ኦይዝ በተባለው አውራጃ ውስጥ ሴንት-ኦባን-አን-ብሬ በምትባል መንደር አንድ ከብት አርቢ እርሻውን አስፋፋ። አዲሱ በረት ለመኖሪያ ቤቶች ቅርብ ነበር። ሽታው መስኮት አላስከፍት፣ ጩኸቱ አላስተኛ ያላቸው ጎረቤቶች ለዓመታት ተሟገቱ። በዲሴምበር 2023 ሰበር ችሎቱ ከ100 ሺህ ዩሮ በላይ ካሳ አጸናላቸው። ከአራት ወር ገደማ በኋላ፣ በኤፕሪል 2024፣ ቀድሞ የነበረን እርሻ ከእንዲህ ያለ ክስ የሚከላከል ሌላ ሕግ መጣ። ዶሮው በከፈተው በር ትልቁ በረት ገባ ማለት ነው።

ደጋፊ፦ ወንድሜ፣ የ2024ቱ ሕግ እኮ ገደብ አለው። እርሻው ሕግ አክብሮ መሥራት አለበት፤ ባሕርይውና መጠኑም በጉልህ መለወጥ የለበትም። ከብቱን እጥፍ ያደረገ ሰው እዚያ ሥር አይሸሸግም።

ተቃዋሚ፦ “በጉልህ” ሲባል ስንት ላም ነው? ሃያ? መቶ? ዞሮ ዞሮ ዳኛ ዘንድ ነን፤ አሁን ግን ሚዛኑ ለአንድ ወገን አጋድሏል። ደግሞም እነዚያን 100 ሺህ እርሻዎች የዘጋቸው ከሳሽ ጎረቤት አይደለም። ገበሬው ሲያረጅ ተተኪ ያጣል፣ መሬቱን አጠገቡ ያለው ትልቅ እርሻ ይጠቀልለዋል። የመንደሩን ትምህርት ቤት ከመዘጋት የሚያተርፉት እኮ ልጆች ይዘው የሚመጡት አዲሶቹ ቤተሰቦች ናቸው!

ደጋፊ፦ ይምጡ እንጂ፣ ማን ከለከላቸው? በ2019 ሴንት-አንድሬ-ደ-ቫልቦርኝ የተባለችው መንደር መግቢያዋ ላይ ማስጠንቀቂያ ሰቅላ ነበር፦ እዚህ ደወል ይደወላል፣ ዶሮ ይጮሃል፣ ገበሬው የሚበሉትን ለማምረት ይሠራል የሚል። ያንን አንብቦ የገባ ሰው በምን አፉ ይከሳል?